ድርድር ላይ ሳይቀመጥ የሚመረቅ ተማሪ እንዳይኖር

ይድረስ፦ ለትምህርት ሚኒስቴር፣ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር፣ እንዲሁም በየዩኒቨርሲቲው ለሚገኙ የማኅበራዊ ሳይንስ፣ የማኔጅመንትና የሕግ ትምህርት ክፍሎች

ጉዳዩ፦ የኢንዱስትሪ ግንኙነት ትምህርት በተግባር እንዲሰጥ ስለመጠየቅ

ከማኔጅመንት፣ ከሶሲዮሎጂ፣ ከሳይኮሎጂና ከሕግ ክፍሎች ከሚመረቁ ወጣቶች ብዙዎቹ አንድ ቀን የአሠሪና የሠራተኛ ጉዳይ የሚወሰንበት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። አንዱ የፋብሪካ የሰው ሀብት ክፍል ይገባል፣ ሌላው የሠራተኛ ማኅበር ፀሐፊ ይሆናል፣ ሌላው የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ሆኖ ከወረዳ ወረዳ ይዞራል። እዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጡ የሚቀርብላቸው የሞቲቬሽን ንድፈ ሐሳብ አይደለም። የደመወዝ መክፈያ ሊስት፣ የስንብት ደብዳቤ፣ ግማሹ የተፈረመ ግማሹ ያልተፈረመ ቃለ ጉባኤ ነው የሚቀርብላቸው። እኛ ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ትምህርቱን የምናስተምርና በሥራው ላይ ያለን ሰዎች ነን። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ማንም ተማሪ አንድ የደመወዝ ክርክር በእጁ ሳያሰላ፣ አንድ ሠራተኛ በአግባቡ ሳይጠይቅ፣ አንድ የኅብረት ድርድር፣ ማለትም የሠራተኛ ማኅበርና አሠሪ ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሁኔታ የሚያደርጉትን ድርድር፣ ከመጀመሪያው ደብዳቤ እስከ ፊርማው ሳያካሂድ አይመረቅ።

ዛሬ ተማሪው ይህን ትምህርት የሚያገኘው በአብዛኛው በቁርጥራጭ ነው። ሕጉ በሕግ ክፍል ይሰጣል። ቅጥርና ምዘና በማኔጅመንት ውስጥ «የሰው ሀብት አስተዳደር» ተብሎ ይሰጣል፣ የሠራተኛ ማኅበር ደግሞ በዚያው ኮርስ መጨረሻ ላይ እንደ አንድ ምዕራፍ ይመጣል፤ ሴሚስተሩ ካጠረ የሚዘለለውም ያ ምዕራፍ ነው። የሠራተኛው ኑሮ፣ የቤት ኪራዩ፣ እቁቡና እድሩ በሶሲዮሎጂ ክፍል ይቀራል። አንዱ ክፍል ሌላው ምን እንደሚያስተምር አያውቅም። ከሁሉ የሚከፋው ግን ትምህርቱ በአሠሪው ቢሮ መስኮት ብቻ መታየቱ ነው። የኢንዱስትሪ ግንኙነት የሦስት ወገን ጉዳይ ነው፤ አሠሪ፣ ሠራተኛና መንግሥት። የቀሩትን ሁለት ወገኖች ያላየ ተማሪ አሠሪውንም በቅጡ አያገለግልም፣ ምክንያቱም ከፊቱ የሚቀመጠው የማኅበር መሪ ምን እንደሚፈልግና ምን መፈረም እንደማይችል አያውቅም።

አገራችን በዚህ ጉዳይ ጀማሪ አይደለችም። የዓለም ሥራ ድርጅት አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1923 ነው። የመደራጀት ነፃነትንና የኅብረት ድርድርን የሚመለከቱትን 87ኛውንና 98ኛውን ስምምነቶች እ.ኤ.አ. በ1963 አጽድቃለች፤ የመጀመሪያው የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን የቆመውም በዚያው ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ በኢትዮጵያ አቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 210/1956፣ 64/1968፣ 42/1985፣ 377/1996 እና አሁን የምንሠራበት 1156/2011 ተከታትለዋል። አምስቱን አዋጆች ጎን ለጎን አስቀምጦ «የሥራ ማቆም መብት» የሚለውን ክፍል ብቻ ማነጻጸር ለአንድ የታሪክ ወይም የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ ሙሉ የሴሚስተር ሥራ ይወጣዋል። ይህን ሥራ የሚሰጥ መምህር ግን ብዙ አናይም።

ወደ ስሌቱ እንግባ። በአዋጁ መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ወር ወደ ሰዓት ሲመነዘር 48 ሰዓት በ52 ሳምንት ተባዝቶ ለ12 ይካፈላል፤ 208 ሰዓት ይመጣል። በወር 4,160 ብር የሚከፈላት የስፌት ሠራተኛ እንውሰድ። የሰዓት ክፍያዋ 20 ብር ነው። በአንድ ሳምንት 12 ትርፍ ሰዓት ሠራች እንበል፦ 6 ሰዓት ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት፣ 2 ሰዓት ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ፣ 4 ሰዓት በሳምንት እረፍት ቀኗ። የመጀመሪያው በ1.5፣ ሁለተኛው በ1.75፣ ሦስተኛው በ2 ይባዛል። 180፣ 70 እና 160፣ በድምሩ 410 ብር። በሕዝብ በዓል ቢሆን ማባዣው 2.5 ነበር።

ተማሪዎች እዚህ ላይ የሚሳሳቱት ማባዣውን አይደለም፤ እሱን ይሸመድዱታል። የሚሳሳቱት አካፋዩን ነው። ወሩን በ30 ቀን፣ ቀኑን በ8 ሰዓት ቆጥረው ለ240 ያካፍላሉ። የሰዓት ክፍያው ወደ 17 ብር ከ33 ሳንቲም ይወርዳል፣ 410ሩ ብር 355 ብር ከ33 ሳንቲም ይሆናል። ለአንዲት ሠራተኛ በአንድ ሳምንት 54 ብር ከ67 ሳንቲም ጠፋ ማለት ነው። 800 ሠራተኛ ባለበት ፋብሪካ በአንድ ሳምንት ብቻ ከ43,000 ብር በላይ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ማንም ሆን ብሎ አልሰረቀም፤ ፔሮሉን የሠራው ባለሙያ ዩኒቨርሲቲ ሳለ አንድ ጊዜም አስልቶ አያውቅም። ተማሪው ይህን ሲያሰላ ሌላም ነገር ማየት አለበት፤ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ እንደሌለበት። መክፈያ ሊስቱ ላይ 20 ትርፍ ሰዓት ካየ ሒሳቡ ትክክል ቢሆን እንኳ ፋይሉ ትክክል አይደለም።

የሥራ ስንብት ክፍያም እንዲሁ ነው። የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ በ30 ተባዝቶ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት ይከፈላል፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል፤ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ያቺው ሠራተኛ 7 ዓመት አገልግላ የቀን ደመወዟ በሥራ ቀናት ሲሰላ 160 ብር ከሆነ፣ የመጀመሪያው ዓመት 4,800፣ ቀሪዎቹ 6 ዓመታት እያንዳንዳቸው 1,600፣ ድምሩ 14,400 ብር ነው። የተሰናበተችው በሠራተኛ ቅነሳ ከሆነ ደግሞ የቀን ደመወዟ በ60 ተባዝቶ 9,600 ብር ይጨመርላትና 24,000 ይሆናል። መምህሩ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ይጠይቅ፤ «አማካይ የቀን ደመወዝ» ሲባል የሳምንቱ ክፍያ ለ6 የሥራ ቀን ነው ወይስ ለ7 ቀን የሚካፈለው? ለ7 ከተካፈለ የሁሉም ቁጥር ይቀንሳል። ክፍሉ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ከአዋጁ ቃል ላይ ይከራከር። የሕግ ንባብ የሚለመደው እንዲህ ነው።

ስለ ይርጋ፣ ማለትም ክስ ሊቀርብ ስለሚችልበት የጊዜ ገደብ፣ አጥብቀን እንናገራለን፣ ምክንያቱም ባለማወቅ የሚጠፋው መብት አይመለስም። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ሥራው ከተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ፣ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። የድርጅቱ የቅሬታ ኮሚቴ እስኪወስን «ጠብቂ» ተብላ 3 ወር ያለፋት ሠራተኛ ፍርድ ቤት ስትደርስ በሩ ተዘግቷል። አሠሪውም የራሱ ሰዓት አለው፤ ያለማስጠንቀቂያ የሚያሰናብት ጥፋት መፈጸሙን ካወቀ በኋላ 30 የሥራ ቀን ካለፈው በዚያ ምክንያት የማሰናበት መብቱ ይቀራል። ተማሪው እያንዳንዱን የጉዳይ ፋይል ሲከፍት መጀመሪያ የሚጽፈው ነገር ቀኖቹን ይሁን፦ ጥፋቱ የታወቀበት ቀን፣ ደብዳቤው የደረሰበት ቀን፣ ዛሬ። ሕጉ የማይሸፍናቸውንም ይወቅ። የመንግሥት ሠራተኛ በሌላ ሕግ ይተዳደራል። የሥራ መሪ ከዚህ አዋጅ ውጭ ነው። የቤት ሠራተኛዋ ደግሞ በዚህ አዋጅ ጥበቃ ሥር አልገባችም፤ አዲስ አበባ ቤት ውስጥ የምትሠራዋም ሆነች ወደ ቤይሩትና ወደ ሪያድ የሄደችው እህቷ ለምን በተለየ ሕግ እንደሚታዩ ማጥናት የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ድርሻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ድርድሩ። አንድ ሴሚስተር 16 ሳምንት ከሆነ 6ቱ ለዚህ ይሰጡ። አሥራ ሁለት ተማሪ በአንድ ቡድን፤ 5 የማኅበሩ፣ 5 የአሠሪው፣ 1 አስማሚ፣ 1 ቃለ ጉባኤ ያዥ። የጉዳዩ ፋይል 1,200 ሠራተኛ ያለው የልብስ ስፌት ፋብሪካ ይሁን፤ የደመወዝ ሊስት፣ የአንድ ሸሚዝ የመሸጫ ዋጋ፣ በአካባቢው የአንድ ክፍል ቤት ኪራይ፣ ያለፈው ዓመት የለቀቁ ሠራተኞች ቁጥር ይኑሩበት። ለእያንዳንዱ ወገን ሌላው የማያየው አንድ ገጽ መመሪያ ይሰጠው፦ እስከ የት መሄድ ይችላል፣ ምንን ፈጽሞ መፈረም አይችልም።

በመጀመሪያው ሳምንት ማኅበሩ የድርድር ጥሪውን በጽሑፍ ያቀርባል። ጥሪው የደረሰው ወገን በ10 ቀን ውስጥ ለድርድር መቅረብ እንዳለበት ሕጉ ይላል፤ በክፍል ውስጥ ይህን ወደ 3 ቀን ማሳጠር ይቻላል። ሁለተኛው ሳምንት ሙሉውን ለድርድር ሥነ ሥርዓት ደንብ ይዋል። ማን ይናገራል፣ ስንት ሰው ካልተገኘ ስብሰባው ይበተናል፣ ወገኖች ለብቻቸው ለመምከር ስንት ደቂቃ ይወጣሉ፣ ቃለ ጉባኤ መቼ ይፈረማል። ተማሪዎች ይህን ሳምንት እንደ ብክነት ያዩታል። ድርድሩ በአራተኛው ሳምንት ሲፈርስ ግን ብዙውን ጊዜ የፈረሰው እዚህ ስላልተጻፈ ነገር ነው። ባለፈው ስብሰባ «ተስማምተናል» የተባለው ሐሳብ ቃለ ጉባኤው ስላልተፈረመ «አላልንም» ይባላል።

በይዘቱ ላይ ጀማሪዎች በደመወዝ ይጀምራሉ። ያኔ ሁለቱም ወገን በመጀመሪያው ሰዓት ቁጥር ጠርቶ ይቆማል፣ ከቁጥሩ መውረድ ደግሞ ውርደት ይመስለዋል። በሥራ ልብስ፣ በደህንነት መሣሪያ፣ በቅሬታ አቀራረብ ቢጀምሩ መጀመሪያ አንዳቸው የሌላቸውን አነጋገር ይለምዳሉ። ደመወዝ ላይ ሲደርሱ ቁጥር የሚጠራ ሁሉ ወጪውን አስልቶ ይምጣ። 1,200 ሠራተኛ በአማካይ 4,160 ብር ቢያገኝ የወሩ ደመወዝ 4,992,000 ብር ነው። 10 በመቶ ጭማሪ 499,200 ብር፤ አሠሪው የሚከፍለው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ሲጨመር 554,112 ብር በወር፣ በዓመት 6,649,344 ብር። የትርፍ ሰዓት ክፍያም አብሮ ይወጣል። ይህን ያላሰላ የማኅበር ተደራዳሪ «ለእናንተ ምንም አይደለም» ይላል፤ ይህን ያላሰላ የአሠሪ ተደራዳሪም «ድርጅቱ ይዘጋል» ይላል። ሁለቱም ባዶ ንግግር ነው። በሌላ በኩል ያሰላ ተደራዳሪ ከዚያው ፋይል ውስጥ የለቀቁትን ሠራተኞች ቁጥር አንስቶ አዲስ ሰው መቅጠርና ማሠልጠን ስንት እንደሚፈጅ ማሳየት ይችላል፤ ጭማሪው ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ሌላ መልክ ይይዛል።

ከዚያ አጻጻፉ ይመጣል፤ ብዙ ስምምነት የሚሞተው እዚህ ነው። «ድርጅቱ እንደ አቅሙ የሥራ ልብስ ያቀርባል» የሚል አንቀጽ ማንንም አያስገድድም። «ድርጅቱ በየዓመቱ እስከ መስከረም 30 ድረስ ለእያንዳንዱ የምርት ክፍል ሠራተኛ 2 ሙሉ የሥራ ልብስና 1 ጥንድ ጫማ ይሰጣል» የሚለው ያስገድዳል። መምህሩ ረቂቁን ሲያርም «እንደ አስፈላጊነቱ»፣ «በተቻለ መጠን»፣ «እንደ ሁኔታው» የሚሉትን ሁሉ በቀይ ያስምርባቸውና ማን፣ ምን፣ ስንት፣ እስከ መቼ ብሎ ይጠይቅ። ሕጉ ከሚሰጠው ዝቅ ያለ ነገርም እንዳይገባ ይመርመር፤ 12 ቀን የዓመት ፈቃድ ብለው የጻፉ ተማሪዎች የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን መሆኑን በዚህ አጋጣሚ ይማራሉ፣ ያን ጊዜ የተማሩትንም አይረሱም።

በመጨረሻ ድርድሩ እንዲፈርስ መደረግ አለበት። ቢያንስ ግማሾቹ ቡድኖች መመሪያቸው የማያገናኛቸው ይሁን። ያኔ አስማሚው ይገባል፣ ለማስማማት 30 ቀን አለው፤ ካልተሳካ ጉዳዩ ወደ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ይሄዳል። ማኅበሩ ሥራ ማቆም ከፈለገም ሒሳቡን ያውቃል፤ 900 አባል ካለው ቢያንስ 600ው በስብሰባው መገኘት አለባቸው፣ 600 ከተገኙ ቢያንስ 301 መደገፍ አለባቸው፣ ከዚያም ምክንያቱን የያዘ የ10 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ድርጅቱ የመብራት፣ የውሃ፣ የሆስፒታል ወይም የቴሌኮም አገልግሎት ሰጪ ቢሆን ይህ መንገድ እንደሌለም ያስተውላል። ጊዜም በማን በኩል እንደሚሠራ ይወቅ። ነባሩ ስምምነት ጊዜው አልፎ አዲሱ ድርድር በ3 ወር ውስጥ ካላለቀ ስለ ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም የተጻፉት አንቀጾች ተፈጻሚነታቸው ይቀራል። ስለዚህ ድርድሩን እያንከባለለ የሚያራዝም ወገን ሁልጊዜ ሰነፍ አይደለም፤ አውቆበትም ሊሆን ይችላል።

ስለ መመረቂያ ጽሑፍ ዝም ብለን ማለፍ አንችልም። «የጥቅማ ጥቅም በሠራተኞች አፈጻጸም ላይ ያለው ተጽዕኖ» የሚለው ርዕስ የድርጅቱ ስም ብቻ እየተቀየረ በየዓመቱ ይጻፋል። አፈጻጸሙን የሚለካው ራሱ ሠራተኛው በሚሞላው «በጣም እስማማለሁ» ነው። የምርት መዝገብ አይታይም፣ የቀሪ መዝገብ አይታይም። ናሙናው በያማኔ ቀመር ይሰላል፤ 1,200 ለ(1+1,200×0.0025) ሲካፈል 300 ይመጣል፣ ይህ ልክ ነው። ስህተቱ የሚጀምረው 300ው መጠይቅ በቀን ፈረቃ፣ በምሳ ሰዓት፣ ካፍቴሪያ ውስጥ ሲበተን ነው። የሌሊት ፈረቃ የለም፣ የቀረው የለም፣ ለመልቀቅ የተዘጋጀውም የለም። ፋብሪካው ውስጥ 720 በስፌት፣ 240 በቆረጣ፣ 240 በማጠናቀቂያ ካሉ ናሙናው 180፣ 60 እና 60 ሆኖ ከፈረቃ ዝርዝሩ ላይ በዕጣ ይነሣ።

የትብብር ደብዳቤው የሚሄደው ለሰው ሀብት ኃላፊው በመሆኑም ማን እንደሚጠየቅ የሚመርጠው ኃላፊው ይሆናል፤ ሱፐርቫይዘሩም አጠገብ ይቆማል። እንዲህ ተሰብስቦ «ሠራተኛው ረክቷል» የሚል ግኝት ቢመጣ አይግረማችሁ። ቃለ መጠይቁ ከግቢ ውጭ፣ በእረፍት ቀን፣ ስም ሳይጻፍ ይደረግ። መጠይቁ ሐዋሳ ላይ ከሆነ በሲዳምኛ፣ አዳማ ላይ ከሆነ በአፋን ኦሮሞም ይዘጋጅ፤ ሁለት ሰው ለየብቻው ይተርጉመው፣ ሦስተኛ ሰው ወደ አማርኛ ይመልሰውና ልዩነቱ ይታይ። «ደመወዝሽ ስንት ነው?» የሚል አንድ ጥያቄም አይበቃም። መሠረታዊ ደመወዙ፣ የአለመቅረት ጉርሻው፣ የምግብና የትራንስፖርት አበሉ፣ 7 በመቶው የጡረታ ተቀናሽ፣ ግብሩ፣ እጇ ላይ የደረሰው፤ ስድስቱም ለየብቻ ይጠየቁ። አለዚያ አንዷ የተጣራውን፣ ሌላዋ ያልተጣራውን ትነግራችሁና አማካዩ ትርጉም አይኖረውም።

የሶሲዮሎጂ ተማሪ ከዚህ በላይ ማምጣት የሚችለው አለው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2016 ከተመረቀ ጀምሮ የሠራተኞች ቶሎ ቶሎ መልቀቅ ሲያነጋግር ቆይቷል። መልሱ በፓርኩ አጥር ውስጥ ብቻ አይገኝም። ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች አንድ ክፍል ለስንት ይከራያሉ፣ ፈረቃው ሲያልቅ መንገዱ ጨለማ ነው ወይ፣ የእህል መሰብሰቢያ ወቅት ሲደርስ ቤተሰብ ይጠራል ወይ፣ እቁቡን የምትሰበስበው ማን ናት? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ገንዘብ የሚታመንባት ሴት ማኅበር ሲቋቋም የምትመረጠዋ ልትሆን ትችላለች።

ስለ ተግባር ልምምድ አጭር እንናገራለን። ተማሪ ለአንድ ወር የግል ማኅደር ሲያደራጅና ፎቶ ኮፒ ሲያነሣ ከዋለ ልምምድ አልወጣም። አራቱ ሳምንታት ይከፈሉ፦ አንዱ በድርጅቱ የሰው ሀብት ክፍል፣ አንዱ በሠራተኛ ማኅበሩ፣ አንዱ ከሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ጋር፣ አንዱ በፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት። ችሎቱ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ከአንድ ደብዳቤና ከታክሲ ሒሳብ በቀር የሚጠይቀው የለም።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና ይህን ሁሉ ሊለካ አይችልም። በምርጫ ጥያቄ የሚፈተን ተማሪ «ሥራ ለማቆም የስንት ቀን ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል?» ለሚለው «10» ብሎ ይመልሳል፤ ማስጠንቀቂያውን ግን መጻፍ አይችልም። ፈተናው ይቅር አንልም። ከፈተናው ጎን የተፈረመ የድርድር ረቂቅ፣ የተሰላ ፔሮልና አንድ የጉዳይ ፋይል የያዘ ማኅደር በውጭ ገምጋሚ ታይቶ ለምረቃ እንዲቆጠር እንጠይቃለን። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በነበረው የ70/30 ምደባ (70 በመቶ ተማሪ ለሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶ ለማኅበራዊ ሳይንስ) ማኅበራዊ ሳይንስ አነስተኛውን ድርሻ ይዞ ቆይቷል፤ ፋብሪካ የሚያቆም መሐንዲስ ስናበዛ በፋብሪካው ውስጥ ሰላም የሚያወርድ ባለሙያ አብሮ መታሰብ ነበረበት።

ከየመሥሪያ ቤቱ የምንጠብቀውን ለይተን እናስቀምጥ። ትምህርት ሚኒስቴር፣ የሥርዓተ ትምህርት ክለሳ ሲደረግ የሕግ፣ የማኔጅመንት፣ የሶሲዮሎጂና የኢኮኖሚክስ ክፍሎች በጋራ የሚሰጡት አንድ ኮርስ እንዲከፍቱ ይፍቀድ፤ የክሬዲቱ ክፍፍል ክፍሎችን ስለሚያጣላ በቅድሚያ ይወሰን። የትምህርት ክፍሎች የድርድር ልምምዱን በአንድ መምህር ጫንቃ ላይ አትጣሉት፤ ለ48 ተማሪ 4 ቡድን፣ ለ4 ቡድን ቢያንስ 2 መምህር ያስፈልጋል፣ ከማኅበርና ከአሠሪ ወገን አንድ አንድ ልምድ ያለው እንግዳም ይጋበዝ። የሥራና ክህሎት ሚኒስቴርና የክልል ቢሮዎች ደግሞ የተመዘገቡ የኅብረት ስምምነቶችን በመዝገብ ቤታችሁ ይዛችኋል። የድርጅትና የሰው ስም ተሸፍኖ ከአልባሳት፣ ከአበባ እርሻ፣ ከሆቴል፣ ከሲሚንቶና ከትራንስፖርት አምስት አምስት ስምምነት ለእያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይላክ። ሃያ አምስት ሰነድ ነው፣ በአንድ ካርቶን ይገባል። ለሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር እንዲደርስ ከጥር በፊት ቢላክ የጉዳይ ፋይሎቹን ከእነሱ ተነሥተን ለማዘጋጀት ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር፣
የኢንዱስትሪ ግንኙነት መምህራንና ባለሙያዎች